የራክሻ እጅ በመደኒ መንገድ

መኪናዋን የገዛናት ልጃችን አርባ ቀን በሞላት ሳምንት ነው። ጦርነቱ ገና አልመጣም፤ ካርቱም ከነትርምሷ በቦታዋ ነበረች። መኪናዋ ነጭ ነች፣ ትንሽ ነች፤ ለሌላው ሰው አሮጌ፣ ለእኛ ግን አዲስ። ጀብራ ካለው ቤታችን በር ላይ ሳቆማት አንድ ሱዳናዊ ጎረቤታችን ወጥቶ ዙሪያዋን ዞረና "ይቺማ የራክሻህ እህት ናት፤ አንድ እግር ብቻ ተጨምሮላት" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ በሆዴ ግን ተናደድኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምንላትን ባለ ሦስት ጎማ፣ ስነዳ ኖሬ መኪና ላይ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትንሽ ክብር ይገባኝ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ግን ሰውዬው ከገመተው በላይ ልክ ነበር። ራክሻ ነጂ ሰፈር እንጂ መንገድ አያውቅም። እኔም ከአል-ሳሃፋ ጀብራ፣ ከጀብራ አል-ሳሃፋ ስመላለስ የትኛው ጉድጓድ ዝናብ ሲጥል ስንት ጎማ እንደሚውጥ አውቅ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ዕውቀት አልነበረኝም። ዋናውን አስፋልት የምነካው በጥግ በጥጉ ነው። ከኋላዬ ጥሩንባ ከተነፋ ቀኜን ይዤ አቧራው ውስጥ እገባለሁ፤ ትልቁ ካለፈ በኋላ መሪዬን ነቅዬ እመለሳለሁ። ዘጠኝ ዓመት እንደዚህ ከኖርክ ነገሩ ከጭንቅላትህ ወጥቶ እጅና እግርህ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉ የባሰችው ግራ እጄ ነበረች። ራክሻ ላይ ፍሪሲዮን የሚጨመቀው በግራ እጅ ነው፤ መኪና ላይ በግራ እግር። ይህን ሕፃንም ይረዳዋል። ተረጋግቼ ስነዳ እግሬ ሥራውን ይሠራል። የደነገጥኩ ቀን ግን ግራ እጄ ማንንም ሳታማክር መሪውን ጭምቅ ታደርገዋለች፤ እግሬ ቁጭ ብሎ ያያል፤ መኪናዋ ተንዘፍዝፋ ትጠፋለች። በመጀመሪያው ሳምንት አል-ሳሃፋ ገበያ አጠገብ ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ። አንድ መንገደኛ ሽማግሌ በመስኮት ብቅ ብሎ "ያ ሐበሺ፣ ሎሚ ነው እንዴ የምትጨምቀው?" አለኝ። መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ ያገኘኋት አንድ ግቢ ውስጥ በበርሜሎች መሃል ወደ ኋላ ነድቼ ነው።

እንዲህ እያለሁ ነው እንግዲህ የመደኒው ነገር የመጣው።

በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ባለቤቴ ደግሞ የክርስትና እናቷን የመረጠችው ልጅቷ ሳትፀነስ፣ እኔንም ሳታውቀኝ ነው። ድንበሩን ተሻግራ ሱዳን የገባች ሰሞን ወባ ይዟት፣ ከካርቱም በስተደቡብ ርቃ ባለችው በመደኒ ከተማ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወድቃ ነበር። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ያገሯ ሴት አነሳቻት፤ ክፍሏ ውስጥ አስተኝታ አንድ ወር ከምናምን አስታመመቻት። ባለቤቴ ድና ስትሰናበታት እያለቀሰች "በምን እመልስልሻለሁ?" ብትላት ሴትየዋ "ሴት ልጅ የወለድሽ ዕለት ጥሪኝ፤ ክርስትና እኔ ነኝ የማነሳት" አለቻት። ቃል ነው። ባለቤቴ በብዙ ነገር ትለሳለሳለች፤ በቃል ግን አትጫወትም።

እትዬ ብለን ነው የምንጠራት። በስልክ ስናበስራት እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ግቢውን ሞላው። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

"በባስ ግን አልመጣም" አለች። "ወላሂ ታውቂያለሽ። ምያለሁ።"

ባለቤቴ ታውቅ ነበር፤ እኔም ታሪኩን ሰምቼዋለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት እትዬ ወደ ካርቱም ስትመጣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ በዚያው መንገድ ላይ ተገልብጦ ቀኝ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ ከመደኒ ወጥታ አታውቅም። ለፋሲካም ለገናም ብንለምናት እንቢ ብላናለች።

"ማን በባስ ነይ አለሽ!" አለች ባለቤቴ። "መኪና ገዝቷል እኮ! እሱ ራሱ መጥቶ ይወስድሻል።" ይህን ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፈችው።

"አንተ ልጅ፣ እውነት ነው?" አለች እትዬ።

"ማፊ ሙሽኪላ እትዬ፣ ችግር የለም" አልኩ።

"መንገዱን ለምደኸዋል?"

እዚህ ላይ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ፣ አልለመድኩትም ብል ኖሮ፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ባልደረሰብኝ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ቆማ ልጅቷን ይዛ ታየኛለች። "እንደ እጄ መዳፍ" አልኩ።

"እንግዲያው ባንተ እመጣለሁ" አለች።

አርባ ቀን ቀረኝ። የማላውቀውን መንገድ፣ በማላውቃት መኪና፣ ያንን መንገድ ከሞት ለይታ የማታየውን ሴት ጭኜ ልመጣበት ነው። ባላመጣት ልጄ ያለ ክርስትና እናቷ ልትጠመቅ፣ የባለቤቴም ቃል ሊፈርስ ነው። ባመጣትና አንድ ነገር ብትሆንስ? ይህን ጥያቄ ጀምሬ አልጨርሰውም ነበር። እንቅልፌ ጠፋ፤ ልጅቷ ሳታለቅስ እኔ ነቅቼ ጣሪያ አያለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈር በባሕሪ፣ ራክሻዬን ለዓመታት ካከመልኝ መካኒክ ዘንድ ነው። ወደ ባሕሪ ለመሻገር ድልድዩን መውጣት ግድ ነው። ድልድዩ ላይ የወንዙ ነፋስ ከጎን መጣና መኪናዋን አንዴ በትከሻው ገፋ አደረጋት። በራክሻ ጊዜ ነፋስ ሲመጣ ሰውነቴን ወደ ነፋሱ ዘንበል አደርግ ነበር፤ ራክሻዋም ትሰማኝ ነበር። አሁንም ዘንበል አልኩ። መኪናዋ ግን ምን ገዷት! ግራ ትከሻዬን በሩ ላይ ለጥፌ፣ አንገቴን አጣምሜ ባሕሪ ደረስኩ። መካኒኩ ከሩቅ አይቶኝ የታመምኩ መስሎት ሮጦ መጣ።

ነገሩን ስነግረው አልሳቀም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በመጀመሪያ ጎማዎቹን አየና ነፋሱን ቀነሰልኝ፤ ሻጩ ከልክ በላይ ነፍቷቸው ኖሮ መኪናዋ እንደ ፌንጣ የምትዘለው ለዚያ ነው። ከዚያ አቧራ የጠጣው ኮፈን ላይ በጣቱ አንድ ረጅም መስመር አሰመረ።

"ይሄ ዘልጡ ነው" አለ፤ አስፋልቱን ማለቱ ነው። "ይሄ ደግሞ አቧራው። የመደኒ መንገድ ጠርዙ ተበልቷል፤ ስንዝር የሚወርድበት ቦታ አለ። ጎማህ ከዘልጡ ወረደ እንበል። ምን ታደርጋለህ?"

"ቶሎ እመልሰዋለሁ" አልኩ።

"ኸላስ፣ በቃ ሞትክ።" መስመሩን በመዳፉ አጠፋው። "ራክሻ አይደለችም። መውረዱ አይገለብጥም፤ ለመውጣት መቸኮሉ ነው የሚገለብጠው። መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አቧራው ላይ ተዋት፣ ትሂድ። ሹወያ ሹወያ፣ ቀስ በቀስ ስትዝል ትመልሳታለህ።"

ስለ አውቶቡሶቹም ነገረኝ። ትልቅ መኪና ጎን ለጎን ሲያልፍህ መጀመሪያ ወደ ራሱ ይስብሃል፣ ከዚያ ይገፋሃል፤ አንተ በሁለቱም ጊዜ ምንም አታድርግ አለኝ። ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ያኔ አላውቅም ነበር።

ልምምዴን ዓርብ ዓርብ አደረግሁ። ዓርብ ጠዋት ካርቱም ተኝታ ነው የምታረፍደው፤ መንገዱ ባዶ ነው። ከጀብራ ተነስቼ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሶባ እወጣለሁ። ሶባ ላይ ፍተሻ አለ፤ ከፍተሻው ወዲያ ከተማው ያልቅና የመደኒ መንገድ ይጀምራል። ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ ዛሬስ ከሶባ ወዲያ ያለችውን ባገይርን አልፋለሁ እላለሁ። ፍተሻው ከሩቅ ሲታየኝ ግን መዳፌ ያልበኛል፤ ከወዲያ በኩል አንድ የጭነት መኪና በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ አያለሁ፤ ከዚያ ፍሬቻ አብርቼ እዞራለሁ። የመጀመሪያው ዓርብ ዞርኩ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። በአራተኛው ፍተሻው ላይ ያለው ወታደር ስለለመደኝ እጁን አውለበለበልኝ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ "የት ደረስክ?" ትለኛለች። "ባገይር" እላለሁ። "መኪናዋስ?" "ያዘች። ዘልጡ ላይ ተጣብቃ ነው የምትሄደው።" "ጎበዝ" ትለኛለች፤ ልጅቷን ታቀብለኛለች። የልጅቷ ጭንቅላት መዳፌ ውስጥ ይገባል፤ ላቤ ገና አልደረቀም።

የመጨረሻው ዓርብ፣ ክርስትናው እሑድ ሊሆን፣ ንጋት ላይ ወጣሁ። አሁን መዞር የለም። ባለቤቴ ደጅ ድረስ ሸኘችኝና በመስኮት በኩል አንድ ፌስታል ዳቦና ቴምር አስገባችልኝ። "ያላ፣ በእግዚአብሔር" አለች። ሌላ ነገር ልትል የፈለገች መሰለኝ፤ አላለችም።

ሶባ ላይ ያ ወታደር አየኝ። ፍሬቻዬን ጠበቀ። ቀጥ ብዬ ሳልፈው ሁለት እጁን አንስቶ ሲያጨበጭብ በመስተዋት አየሁት። አንድ ሰው የሚያውቅልኝ ነገር ሠራሁ ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን አንድ ኪሎ ሜትርም አልቆየም።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ከፊት መጣ። መካኒኩ እንዳለው ነው፤ ሳበኝ፣ ከዚያ ገፋኝ። መስኮቶቹ ሁሉ ተርገፈገፉ። እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ማለት ግራ እጄ መሪውን እስኪጮህ ጨመቀችው፣ ሌላው ግን ባለበት ነበር። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው። ከአሥረኛው በኋላ መቁጠር ተውኩ። መኪናዋ በሰባ ስትሄድ ከመሪው ሥር የምታሰማት አንዲት እንጉርጉሮ አለች፤ ሰባ አምስት ላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ሰማንያ ላይ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ከሁሉ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ያኔ መሪው ከመሬቱ የተፋታ ያህል ይቀላል። እናም ሰባ ላይ፣ ከነእንጉርጉሮዋ ሄድኩ።

ከባገይር በኋላ አንድ የነዳጅ ቦቴ ከፊቴ ገባ። ቀርፋፋ ነው። ሰው ሁሉ ይቀድመዋል፤ እኔ ግን ለመቅደም ወደ ግራ ብቅ ባልኩ ቁጥር ከፊት የሚመጣ ይታየኛል፤ ባይኖርም ይታየኛል። ተመልሼ ከጀርባው እገባለሁ። ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም "ፊ አማኒላህ" የሚል ተጽፏል፤ በአላህ ጥበቃ ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ይህን ሳነብ ሄድኩ። ሰላም ለኪን ደግሜ ጨርሼ ስለነበር እኔም አብሬ "ፊ አማኒላህ" ማለት ጀመርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ያገኘሁትን ሁሉ ነበር የምይዘው። ቦቴው ወደ አንድ ማደያ ሲታጠፍ የታላቅ ወንድም መለየት ያህል ከፋኝ።

መደኒ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ሸሚዜ ከወንበሩ ተጣብቋል፤ ግራ እጄን መዘርጋት አቅቶኛል። እትዬ ቤቷ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ፣ ሻንጣዋን አጠገቧ አድርጋ፣ ምርኩዟን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። ከንጋት ጀምራ እዚያው እንዳለች ጎረቤቶቿ ነገሩኝ። ሳመችኝና ወደ መኪናዋ ሄደች። አንድ በአንድ አራቱን ጎማዎች በምርኩዟ ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ በጣሪያዋ በኩል አሻግራ አየችኝ፤ የእሷ አገጭና የመኪናዋ ጣሪያ እኩል ነበሩ።

"ትንሽ ናት" አለች።

"ትንሽ ብትሆንም ትይዛለች እትዬ።"

የፊተኛውን በር ከፈትኩላት። ራሷን ነቀነቀች። "ፊት አልቀመጥም። መንገዱን ማየት አልፈልግም።" ከኔ ጀርባ ገባች። በነጠላዋ ላይ ያገሩ ሴቶች የሚከናነቡትን ቶብ ደርባለች፤ የቶቡን ጫፍ ሳብ አድርጋ ፊቷን እስከ አገጯ ሸፈነች። "አንተ ንዳ" አለች ከውስጥ። "እኔን የለችም በለኝ።"

እንዴት አድርጌ የለችም ልበላት! አውቶቡስ በመጣ ቁጥር ጥሩንባውን ስትሰማ ያ የተሰበረ እግሯ የወንበሬን ጀርባ ይገፋዋል፤ በወገቤ ይሰማኛል። ፍሬን እየያዘች ነው። እኔ ግራ እጄን እጨምቃለሁ፣ እሷ ቀኝ እግሯን ትረግጣለች፤ ሁለታችንም በሌለ ነገር ላይ ነው የምንሠራው። ፍርሃቷ በወንበሩ በኩል እየመጣ በፍርሃቴ ላይ ይደመርብኝ ነበር። አንዳንዴ በቶቡ ውስጥ "ስንት ቀረን?" ትለኛለች። የማላውቀውን መንገድ "ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው" እላታለሁ። የውሸቴ ጣዕም አፌ ውስጥ አለ።

ሐሰሄይሳ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ በግራም በቀኝም ሜዳ። ከፊት ሁለት አውቶቡሶች ይመጣሉ፤ መጀመሪያ አንድ መስለውኝ ነበር። ከዚያ አንዱ ከአንዱ ጀርባ ወጣና ጎን ለጎን ሆኑ። እየተሽቀዳደሙ ነው። የወጣው በእኛ በኩል ነው። መብራቱን አበራብኝ፤ መብራቱ "ውረድ" ነው የሚለው፣ እኔ አልመለስም ነው። ወደ ቀኝ ሳብኩ። ስንዝሯን ጠርዝ ጎማዎቹ ሲወርዷት ሰማሁ። መኪናዋ ከሥሯ ገጭ አለች፤ በቀኝ ጎኗ ዘንበል አለች፤ ጠጠሩ ሆዷን መቀጥቀጥ ጀመረ። አውቶቡሱ በግራ ጆሮዬ በኩል እንደ ግድግዳ አለፈ።

በዚያች ቅጽበት ምን እንደፈለግሁ አውቃለሁ። መሪውን ነቅዬ ወደ አስፋልቱ መመለስ ነው የፈለግሁት። ዘጠኝ ዓመት ያደረግሁት እሱን ነው። የመካኒኩ ምክር ትዝ አለኝ ብል እዋሻለሁ፤ ምንም ትዝ አላለኝም። ያተረፈኝ ግራ እጄ ናት። ደነገጠችና ያንን የሌለ ፍሪሲዮን ጨመቀችው፤ ባላት ኃይል ሁሉ ጨመቀችው፤ ክንዴ እስከ ትከሻዬ እንጨት ሆነ። መሪውን ለማዞር ብሞክርም የሚታዘዘኝ ክንድ አልነበረኝም። መኪናዋ ቀጥ ብላ አቧራው ላይ ሄደች። ቀኝ እግሬ ፍሬኑን ነካ ለቀቅ፣ ነካ ለቀቅ አደረገ፤ ይህም የራክሻ ነው። ዘመመች፣ ተንገጫገጨች፣ በመጨረሻ እንደለመደችው ተንዘፍዝፋ ጠፋች። አቧራው ከኋላ ደረሰና ሸፈነን።

ወገቤ ላይ የእትዬ እግር እንደተደገነ ነው።

"ቆምን?" አለች ከቶቡ ውስጥ።

"ቆምን እትዬ።"

"ሁለታችንም?"

"ሁለታችንም።"

ቶቡን ከፊቷ ገለጠች። በመስተዋቱ አየኋት፤ እሷ ግን የምታየው ፊቴን አልነበረም፤ ግራ እጄን ነበር። ጣቶቼ ነጭ ሆነው እስካሁን መሪው ላይ እንደተጨማደዱ ናቸው። ልለቅ ብል አልላቀቅ አሉኝ፤ በቀኝ እጄ አንድ በአንድ ነቀልኳቸው።

"ሞተሩ ትንሽ ሞቆ ነው" አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

"እሺ" አለች።

ዳቦውንና ቴምሩን አወጣሁ። እዚያው አቧራው ላይ ቆመን በላን። ከዚያ በስድሳ እየነዳሁ፣ ከኋላዬ የመጣ ሁሉ እየጮኸብኝ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካርቱም ገባን። እትዬ ከዚያ ወዲያ ፊቷን አልሸፈነችም፤ አልተናገረችምም። ዝምታዋን እንደ ፍርድ ቆጠርኩት። ባለቤቴ በደስታ እየጮኸች ስታቅፋት እኔ የመኪናዋን ቀኝ ጎን በጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ። ባለቤቴ በእትዬ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። አቧራው እስከ መስኮቱ ነበር።

እሑድ ልጃችን ተጠመቀች። እትዬ ምርኩዟን ለእኔ ሰጥታ፣ በዚያ በተሰበረ እግሯ ቆማ ከካህኑ እጅ ተቀበለቻት። ልጅቷ ውሃው ሲነካት በጩኸት ቤተ ክርስቲያኑን አናጋችው፤ እትዬ ደረት ላይ ስትደርስ ዝም አለች። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔም ምርኩዙን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ፤ ደስታም ነው፣ ዓርብ ዕለት ሊቀር የነበረውን ማሰቡም ነው።

ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ቅጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ባለቤቴ እንግዶቹን ትሸኛለች። እትዬ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስተኝታ ማተቧን ታስተካክላለች። በዚያ ቀን ውሸት ይዤ መዋል አልቻልኩም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ።"

"እትዬ ቀረ። ከዛሬ ወዲያ አበ ልጅ ነኝ።"

"አበ ልጅ፣ መንገዱን አላውቀውም ነበር። ከዓርብ በፊት አንድም ቀን ሄጄበት አላውቅም።"

ቀና አላለችም። "ሶባ ላይ እየዞርክ እንደምትመለስ ባለቤትህ ነግራኛለች" አለች።

"እሷ በምን አወቀች?"

"ባገይር ደርሶ የሚመለስ ሰው በአርባ ደቂቃ ቤቱ አይገባም አለችኝ። ደወለችልኝ። 'እትዬ፣ ሰውዬው ፈርቷል፤ በፍርሃት ሊሞት ነው፤ ባትመጪም አልቀየምሽም፤ ቃሉን ትቼልሻለሁ' አለችኝ።"

ያቺ በቃል የማትጫወት ሴት! ባገይር ባልኳት ቁጥር "ጎበዝ" እያለች ልጅቷን የምታቀብለኝ ነገር አሁን ገባኝ። አንገቴን ደፋሁ። "ታዲያ እያወቅሽ ለምን መጣሽ?" አልኩ።

አሁን ቀና ብላ አየችኝ። "እግሬን የሰበረው ሰውዬ" አለች፣ "ምንም አይፈራም ነበር። ከኋላው ነበርኩ፤ አየው ነበር። አንዱን እጁን በመስኮት አውጥቶ፣ በሌላው ሲጋራ ይዞ፣ ከረዳቱ ጋር ይስቃል። ስንገለበጥም ሳቁ አፉ ላይ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ነይ እንውሰድሽ ያለኝ ሁሉ 'አትፍሪ፣ እኔ አልፈራም' ነው የሚለኝ። ባለቤትህ ግን በፍርሃት ሊሞት ነው አለችኝ። ኢንሻላህ በዚህማ እሄዳለሁ አልኩ።"

ፈሪ ለእናቱ ይኖራል ይላሉ፤ እኔ እናቴን ከቀበርኩ ቆይቻለሁ። ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታ አፏን እንደሚጠባ ሰው ታንቀሳቅሳለች።

አንድ ሳምንት እኛ ዘንድ ሰነበተች። መሄጃዋ ሲደርስ ግን እኔ ሌላ ነገር አስቤ ነበር። በሰፈራችን ሃያ ዓመት የነዳ፣ መደኒን በየሳምንቱ የሚመላለስ ጨዋ ሱዳናዊ ሹፌር አለ፤ በእኔው መኪና እንዲወስድልኝ ለምኜው እሺ ብሎኛል። ይህን ስነግራት ምርኩዟን ከመሬት ብድግ አደረገች። ልትመታኝ መስሎኝ ሸሸሁ። ባለቤቴ ሳቀች።

ጠዋት ሻንጣዋን ከኋላ ጫንኩ። የኋላውን በር ከፍቼ ቆምኩላት። በአጠገቤ አልፋ ሄደች፤ የፊተኛውን በር ራሷ ከፈተችና እግሯን በሁለት እጇ አንስታ አስገብታ ተቀመጠች። ቶቧን ትከሻዋ ላይ አደረገችው፤ ፊቷ ባዶ ነበር።

"ይሄን ቀበቶ እንዴት ነው የሚያስሩት?" አለች።

አሰርኩላት። ሶባ ላይ ወታደሩ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ተተክቷል፤ እኛን አያውቀንም። ፍተሻውን አልፈን ከተማው እንዳለቀ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከሩቅ ታየ። ሁለታችንም አየነው። እትዬ ዓይኗን አልጨፈነችም። እየቀረበ መጣ፣ ሳበን፣ ገፋን፣ መስኮቶቹ ተርገፈገፉ። ግራ እጄ መሪውን ጨመቀች፤ የእሷ ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ፤ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች።